አንዱ ብቻውን የማያሸንፍበት ጨዋታ



እብናት ከተማ ነን፤ መግሪብ ተሰግዶ አልቋል። በእንግድነት በገባንበት ቤት ያለው ዘመናዊ ስልክ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የአባት ነው። አባት ከሱቅ ሲመለሱ ስልኩን ለልጆቻቸው ሰጧቸውና ሦስቱም ከበቡት። ጨዋታው የሒሳብ ነው። በስክሪኑ ላይ የመደመርና የማባዛት ጥያቄ ይወጣል፤ መልሱን ቀድሞ የነካ ነጥብ ይወስዳል። የ13 ዓመቱ ታላቅ ወንድም ደጋግሞ አሸነፈ። የ8 ዓመቷ እኅቱ መጀመሪያ ተሟገተች፤ ቀጥላ አለቀሰች፤ በመጨረሻም እናቷ ጉያ ገብታ፣ «እማዬ፣ እኔ እኮ ሒሳብ አይገባኝም» አለች። እናትም «ተይው ልጄ፣ ጨዋታ ነው» ብለው አባበሏት።

እኛ ግን ነገሩ ጨዋታ ብቻ ሆኖ አልታየንም። ይህችው ልጅ በዚያን ዕለት ረፋድ ላይ በአባቷ ሱቅ ቆማ፣ ለደንበኛ የመቶ ብር መልስ ሳትሳሳት ስትሰጥ አይተናታል። እንግዲህ የጎደላት ሒሳብ ሳይሆን የእጅ ፍጥነት ነበር። ጨዋታው የለካው ጣትን ነው፤ እሷ ግን አእምሮዋ ተለክቶ እንደቀለለ አድርጋ ተረዳችው። ልጅ በስምንት ዓመቱ በራሱ ላይ የፈረደውን እንዲህ ያለ ፍርድ፣ በኋላ መምህር ልሻረው ቢል ብዙ ይደክማል።

ታዲያ ልጆች ተሻምተው ሳይሆን ተጋግዘው ብቻ የሚያሸንፉበት የኮምፒዩተርና የስልክ ጨዋታ መሥራት አይቻልም? ይቻላል። እንዴት እንደሆነ በዚህ ጽሑፍ እንመልከት።

ለአገራችን እንግዳ አይደለም

ሒሳብና አመክንዮ በጨዋታ መማር ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም። ገበጣን የሚጫወት እረኛ ጠጠሩን ከማንሳቱ በፊት የመጨረሻዋ ጠጠር የት ጉድጓድ ላይ እንደምታርፍ ቆጥሮ ጨርሷል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ኢትዮጵያና ስለ አካባቢዋ የገበጣ ዓይነቶች እ.ኤ.አ. በ1971 ሰፊ ጥናት አሳትመዋል፤ የአጨዋወቱ ብዛትም ያስደንቃል።

አያቶቻችን የሚጠይቁትን የነብር፣ የፍየልና የሣር እንቆቅልሽም እናስታውስ። ባለታንኳው በአንድ ጊዜ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ነው የሚያሻግረው። ነብርና ፍየል፣ ወይም ፍየልና ሣር ብቻቸውን ከቀሩ አንዱ ይበላል። መፍትሔው ሰባት ጉዞ ይፈልጋል፤ ቁልፉም የተሻገረችውን ፍየል መልሶ ማምጣት ነው። ወደ ፊት ለመሄድ አንዳንዴ ወደ ኋላ መመለስ እንደሚያስፈልግ ልጁ ያለ ሰባኪ ይማርበታል።

ኮምፒዩተር የሚሠራበት ቅደም ተከተል «አልጎሪዝም» ይባላል። ስሙ የመጣው በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ ከነበረው ሙስሊም ሊቅ ከአል-ኸዋሪዝሚ ነው። «አልጀብራ» የሚለው ቃልም የተወሰደው ከመጽሐፉ ርእስ ነው። ከመጽሐፉ ሰፊው ክፍል ኑዛዜንና ውርስን በትክክል ስለማካፈል መሆኑን ብዙ ልጆች አያውቁም። ሒሳቡ የቤተሰብን መብት ለመጠበቅ ያገለግል ነበር ማለት ነው።

በአገራችን የተደረጉ ሙከራዎች

«አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ዓለም አቀፍ እንቅስቃሴ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲጀመር፣ ዓላማው ርካሽና ጠንካራ ኮምፒዩተር ለሕፃናት ማዳረስ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በሺህ የሚቆጠሩ ነጭና አረንጓዴ ላፕቶፖች ኢትዮጵያ ገብተው ለተማሪዎች ታደሉ። ላፕቶፖቹ ኢንተርኔት ባይኖርም እርስ በርሳቸው ይገናኙ ስለነበር፣ አንዱ ልጅ የጀመረውን ጨዋታ ሌላው ከራሱ ላፕቶፕ ሆኖ ይቀላቀለዋል። በኔዘርላንድ የግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናትም፣ ላፕቶፑን የተጠቀሙ ኢትዮጵያውያን ልጆች በረቂቅ ማመዛዘን ፈተና ካልተጠቀሙት የተሻለ ውጤት እንዳገኙ ገልጿል።

በዚያው ዓመት የእንቅስቃሴው መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በወንጪና በወለንጪቲ ስለተደረገ ሌላ ሙከራ ተናገሩ። ማንበብ ለማያውቁ ልጆች ታብሌቶች ከነማሸጊያ ካርቶናቸው ያለ አስተማሪ ተሰጡ። እሳቸው እንዳሉት፣ አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። ከወራት በኋላም ልጆቹ የተቆለፈባቸውን ካሜራ እስከ መክፈት ደረሱ። ነገር ግን የተማሩት በእንግሊዝኛ ነበር። የልጆቻችን የማሰብ ችሎታ አያጠራጥርም፤ የጎደለው በቋንቋቸውና በኑሯቸው ልክ የተሰፋ ጨዋታ ነው።

ጨዋታው እንዴት ይሠራል?

ያን ምሽት ስልኩን አስቀምጠን ሁለት ቁራጭ ወረቀት አነሣን። «በ10 እና በ40 መካከል ያለ አንድ ቁጥር ተደብቋል» አልናቸው። በወንድምየው ወረቀት ላይ «ለ7 ይካፈላል»፣ በእኅትየው ላይ «ለ4 ይካፈላል» ብለን ጻፍን።

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ታላቅየው የእኅቱን ወረቀት ነጥቆ ሁለቱንም አነበበና መልሱን ብቻውን ተናገረ። ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን የእኛ የጨዋታ ሠሪዎቹ ነበር። አንዱ ሁሉን ማየት ከቻለ ሌላው ተመልካች ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ቁጥሩንና ፍንጩን ቀይረን ጥቂት ካጫወትናቸው በኋላ፣ «ወረቀት ማሳየት የለም፤ መነጋገር ብቻ» የሚል ሕግ አወጣን።

የእሱ ድርሻ 14፣ 21፣ 28 እና 35 ሲሆኑ፣ የእሷ ደግሞ 12፣ 16፣ 20፣ 24፣ 28፣ 32 እና 36 ናቸው። እሱ ከአራት፣ እሷ ከሰባት ቁጥር መምረጥ አይችሉም፤ ሲነጋገሩ ግን አንድ ቁጥር ብቻ ይቀራል። ጨዋታ ሠሪው ድንበሩን አስቀድሞ መመርመር አለበት። ከ40 ወደ 60 ቢያሰፋው 56ም መልስ ይሆንና ልጆቹ ከማሰብ ይልቅ ወደ መገመት ይሄዳሉ።

ኮምፒዩተሩ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። አዲስ ቁጥር ያወጣል፤ መልሱ አንድ ብቻ መሆኑን ይፈትሻል፤ ለአንዱ ልጅ የሚያሳየውን ለሌላው ይደብቃል፤ ሲሳሳቱም ሳይሳለቅ «እንደገና ሞክሩ» ይላል። የነብሩንና የፍየሏን እንቆቅልሽም እንዲሁ ማዘጋጀት ይቻላል። በስክሪኑ ላይ የርብን ወንዝ ሥለን፣ አንዱ ልጅ ጭነቱን ይመርጣል፤ ሌላው ታንኳውን ያስነሣል። ሁለቱ ካልተስማሙ ታንኳው አይንቀሳቀስም።

ወላጅ ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች

አንደኛ፣ ሰዓት የሚቆጥር ጨዋታ ፈጣኑን ብቻ ይጠቅማልና ሰዓቱ ይቅር። ሁለተኛ፣ አንዱ ዙር በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ ይሁን፤ አዛን ሲሰማ ወይም እናት ውኃ ቅዱ ስትል ልጁ ያለ ጠብ ይነሣል። ሦስተኛ፣ ብዙ የስልክ ጨዋታዎች «ሳጥን ክፈት፣ ዕድልህን ሞክር» እያሉ ገንዘብ ይጠይቃሉ። ይህ በልጅ ቋንቋ የቀረበ ቁማር ስለሆነ ከቤታችን ሊወጣ ይገባል።

ወጣቶች ሆይ!

ይህን ለመሥራት የግድ ምሁር መሆን አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለሕዝብ የቀረበው ስክራች የተባለ ፕሮግራም፣ ትእዛዞችን እንደ ጡብ እየገጣጠሙ ጨዋታ ለመሥራት ያስችላል። በነፃ ይገኛል፤ አንድ ጊዜ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ በአማርኛም ይጠቀሙበታል። በደብረ ታቦርም ሆነ በእብናት ኮምፒዩተር የነካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ ለታናናሾቹ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አንድ ጨዋታ ሊያበረክት ይችላል። መብራት ሲጠፋም ሁለት ቁራጭ ወረቀት ይበቃል።

በዚያ ቤት የሆነውን ነግረናችሁ እንሰናበት። ሕጉ ከተከበረ በኋላ ወንድምየው የእሱን ቁጥሮች ቀስ ብሎ ጠራላት። እሷም አራት አራት እያለች በጣቷ ቆጠረች። ሃያ ስምንት ላይ ስትደርስ ቆም አለችና፣ «ወንድም ጋሼ፣ ያንተ ውስጥ ሃያ ስምንት አለ አይደል?» አለች። «አለ!» አላት። ስትስቅ ላየናት ለእኛ ከዚያ የበለጠ ነጥብ አልነበረም። ልንነሣ ስንል ደግሞ ወረቀቱን ዘርግታ፣ «አሁን እኔ ልጻፍላችሁ» አለችን።

አላህ ለልጆቻችን ጠቃሚ ዕውቀትን፣ ለእኛም እነርሱን በትዕግሥት የማስተማር ብርታትን ይስጠን። ኣሚን።