ከካባላጋላ እስከ «ክቡር አምባሳደር»

ካምፓላ፣ ካባላጋላ ሰፈር፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ተቀምጬ ሽሮዬን ስጠብቅ አስተናጋጁ ወጣት ጎንበስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ለአምስት ደቂቃ ግብፅ ይሁኑልኝ?» አለኝ። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ክርክር አለበት፤ ኢትዮጵያን ወክሎ የሚናገረው እሱ ነው። ከትሪው ሥር የተጣጠፈ ወረቀት አወጣ። የኢንቴቤው የናይል ተፋሰስ ስምምነት ነው፤ አንቀጽ 14 «ለ» በቢጫ ተቀልሞበታል። እኔ «ታሪካዊ መብታችን» እያልኩ፣ እሱ «ፍትሐዊ አጠቃቀም» እያለ ምግቡ እስኪመጣ ተሟገትን። ረታኝ። ከደሴ የመጣ የዓለም አቀፍ ግንኙነትና ዲፕሎማሲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ሒሳብ ከፍዬ ከወጣሁም በኋላ ጉዳዩ አልለቀቀኝም። ይህን ልጅ ካምፓላ ድረስ ምን አመጣው? ሲጨርስስ ማን ይቀበለዋል?

የመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ አገር ቤት ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። ልጁ ግን ካለፉት ወገን ነው።

«እኔ አልፌያለሁ» ይላል፤ «የደረሰኝ ዲፓርትመንት ግን የመረጥኩት አይደለም። አባቴ አይሱዙውን ሸጦ ላከኝ። አሁን በደወለ ቁጥር ‹ክቡር አምባሳደር፣ እንዴት አደሩ?› ነው የሚለኝ። እሱ ይስቃል፤ እኔ እንቅልፍ አጣለሁ። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች ግን አላለፉም፤ እነሱን ያመጣቸው ደላላ ነው። ደላላው ስለ ክፍያ እንጂ ስለ ዲግሪው አንድም ቀን አውርቷቸው አያውቅም።»

ጉዞው በአንድ ወቅት በተቃራኒ አቅጣጫ ነበር። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1958 ንጉሠ ነገሥቱ ለአፍሪካውያን ተማሪዎች 200 ነፃ የትምህርት ዕድል ሰጡ። ከኡጋንዳ፣ ከኬንያና ከታንጋኒካ፣ ገና በቅኝ ግዛት ሥር ከነበሩ አገሮች፣ ወጣቶች ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ጎረፉ። ፖለቲካን በአደባባይ መነጋገር የለመዱት እነዚህ እንግዶች ዝምተኛውን ግቢ እንደቀሰቀሱት የተማሪዎችን ንቅናቄ ያጠኑ ታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ። እኛ የጋበዝናቸው እንዲማሩ ነበር፤ እነሱም አስተምረውን ሄዱ።

ካምፓላም በበኩሏ ማኬሬሬ ነበራት። በ1922 በ14 ተማሪዎች አናጢነት፣ ግንባታና መካኒክነት ሊያስተምር የተከፈተው ትምህርት ቤት በ1949 ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተቆራኝቶ በ1970 ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ኋላ የየአገራቸው መሪ የሆኑት ኔሬሬ፣ ኦቦቴ፣ ኪባኪና ምካፓ ያለፉት በዚያ ኮረብታ ነው። ምካፓ እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ አጥንቶ የታንዛኒያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ ቀጥሎም ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በስተርጅናውም ቡሩንዲያውያንን ለማደራደር ደከመ። ኬንያዊው ምሁር አሊ ማዝሩይ የፖለቲካ ሳይንስ ያስተማረው እዚያው ነው፤ ኢዲ አሚን ሥልጣን ይዞ፣ ማዝሩይ ኡጋንዳን ጥሎ እስኪወጣ ድረስ። በ1948 የተመሠረተው የዩኒቨርሲቲው የማኅበራዊ ምርምር ተቋም በኡጋንዳዊው ምሁር በማሕሙድ ማምዳኒ መሪነት የዶክትሬት ፕሮግራም ከከፈተ ወዲህ ከተመረቁት ኢትዮጵያውያን መካከል አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አለ።

ዛሬ የዲፕሎማሲ ትምህርት ከማኬሬሬ ሌላ በካንሳንጋው ካምፓላ ኢንተርናሽናል ዩኒቨርሲቲና ኢንቴቤ አጠገብ ባለው ንኩምባ ዩኒቨርሲቲም ይሰጣል። ከተማዋ ራሷም ታስተምራለች። የናይል ተፋሰስ ኢኒሼቲቭ ጽሕፈት ቤት ኢንቴቤ ነው። ልጁ በቢጫ የቀለመውን ስምምነት ኢትዮጵያ፣ ኡጋንዳ፣ ሩዋንዳና ታንዛኒያ ግንቦት 2010 የፈረሙት እዚያው ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው ጥቅምት 2024 ነው። አንድ ሰነድ ከፊርማ እስከ ተፈጻሚነት 14 ዓመት ሊፈጅ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ መማሪያ የለም። የአገር ውስጥ ተፈናቃዮችን የሚመለከተው የአፍሪካ ኅብረት ስምምነት በ2009 የጸደቀው ካምፓላ ነው፤ ስሙንም ከከተማዋ ወስዷል። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት የወረራ ወንጀልን ትርጉም ያገኘው በ2010 በዚህችው ከተማ በተደረገ ጉባኤ ነው። ጥር 2024 የገለልተኛ አገሮች ጉባኤ በካምፓላው ሙንዮንዮ ተሰበሰበ፤ በዚያው ሰሞን ኢጋድ ስለ ኢትዮጵያና ሶማሊላንድ የመግባቢያ ሰነድ ኢንቴቤ ላይ ሲመክር የኢትዮጵያ ወንበር ባዶ ነበር።

የውጭ ፖሊሲ ዋጋም እዚህ ሰፈር ድረስ ገብቷል። ሐምሌ 11 ቀን 2010፣ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሲታይ፣ አልሸባብ በካባላጋላው ኢትዮጵያን ቪሌጅ ምግብ ቤትና በአንድ የራግቢ ክለብ ባፈነዳቸው ቦምቦች ከ70 በላይ ሰዎች አለቁ። ኡጋንዳ ሶማሊያ ጦር ካዘመተች ሦስት ዓመት አልፏት ነበር።

እንግዲህ ትምህርቱ ቁምነገር እንዳለው አልጠራጠርም። የሚያጠራጥረኝ የሚሸጥበት ተስፋ ነው። የአንድ ዩኒቨርሲቲ የምዝገባ ኃላፊን፣ «ካስመረቃችኋቸው የውጭ ተማሪዎች በሙያው ሥራ ያገኙት ስንት ናቸው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ብሮሹር አቀበሉኝ። ብደግምላቸው ስብሰባ አለብኝ ብለው ተነሡ። በኢሜይል የላክሁትም ምላሽ አላገኘም።

«ብሮሹሩ ላይ ያለው ልጅ የቆመው ባንዲራ ፊት ነው፤ እኔ የምቆመው ትሪ ይዤ ነው» አለኝ ያው ልጅ። «ግን እውነቱን ልንገርዎት ጋሼ፣ ክፍል ውስጥ ኮንጎው፣ ደቡብ ሱዳኑ፣ ሶማሌው ሁሉም የየአገሩን ቁስል ይዞ ነው የሚገባው። እኔ ደሴ ሳለሁ ጎረቤት አገር ማለት ካርታ ነበር። አሁን ግን ሰው ነው። ሥራ ባጣበት እንኳ ይህን ማን ይቀማኛል?»

አባትየው የሚሉት ማዕረግ ግን በዲግሪ የሚገኝ አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 71 መሠረት አምባሳደር የሚሾመው ፕሬዚዳንቱ በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት ነው። ሐምሌ 2021 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከ60 በላይ ከሚሆኑት ኤምባሲዎችና ቆንስላዎች ቢያንስ 30 እንደሚዘጉ ለፓርላማ ተናግረዋል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድም ቢሆኑ ፓሪስ የተማሩት ሕግ ነው። ለጀማሪ የሚቀርበው በር የስደተኞችና የእርዳታ ሥራ ነው፤ ኡጋንዳ ብቻዋን ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ስደተኞች ታስተናግዳለች። ለዚያም ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ነገር ግን አለ። በ2023 የኡጋንዳ ከፍተኛ ትምህርት ምክር ቤት ዝርዝር ላይ የበርካታ ፕሮግራሞች እውቅና «ጊዜው አልፎበታል» ተብሎ ታይቶ ተማሪው ተደናግጦ ነበር። አገር ቤት ሲገባም ዲግሪው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግመታ ያልፋል። ስለዚህ ልጁን የሚልክ ወላጅ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ ፕሮግራሙ ዛሬ ሕያው እውቅና አለው ወይ? ልጄ በያዘው የ12ኛ ክፍል ውጤት ዲግሪው አገር ቤት አቻ ያገኛል ወይ? መልሱን ከደላላ ሳይሆን ከሁለቱ መሥሪያ ቤቶች በጽሑፍ ይቀበል። አይሱዙውን የሚሸጠው ከዚያ በኋላ ይሁን።