የአሮጌ ፒክአፕ መኪኖች የሞተር ብልሽት ኮድ አነባብና ትርጓሜ

በካፋ ዞን በዴቻ ወረዳ የምትገኘው ማንኪራ በዱር ቡናዋ ትታወቃለች። ዞኑም እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበው የካፋ ባዮስፌር ሪዘርቭ መገኛ ነው። ዝናብ በሚበዛበትና መንገዱ በሚጨቀይበት በዚህ አካባቢ አንድ አሮጌ ፒክአፕ የቡና ጆንያም ሕመምተኛም ይጭናል። መኪናው ሲቆም የተፈለገው መለዋወጫ በቦንጋ ካልተገኘ ከ400 ኪሎሜትር በላይ ርቃ ከምትገኘው አዲስ አበባ መምጣት ይኖርበታል። ስለዚህ ያልተበላሸን ዕቃ በግምት መቀየር ገንዘብንም ቀናትንም ያባክናል። የሞተር ብልሽት ኮድ ይህን ግምት ሊያስቀር የሚችል መሣሪያ ነው፤ በተሳሳተ መንገድ ሲነበብ ግን ራሱ የስሕተት ምንጭ ይሆናል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ሞተሩ ኮድ የሚሰጥ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው። በአገራችን በብዛት የሚታየውን ቶዮታ ሃይሉክስ ለአብነት ብንወስድ፣ 3ኤል እና 5ኤል የተባሉት የናፍጣ ሞተሮች ነዳጅ የሚረጩት በሜካኒካል ፖምፕ በመሆኑ የብልሽት ኮድ የላቸውም። በእነዚህ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ የሚበራ መብራት በናፍጣ ማጣሪያው ውስጥ ውሃ መጠራቀሙን ወይም የታይሚንግ ቺንጋው መቀየሪያ ጊዜ መድረሱን ሊያመለክት ይችላል እንጂ የኮምፒውተር መልእክት አይደለም። 22አር-ኢ የተባለው የቤንዚን ሞተር በአንጻሩ ነዳጁን የሚቆጣጠር ኮምፒውተር ስላለው ብልሽቱን በመብራት ብልጭታ ይናገራል።

ብልጭታውን ለማንበብ የተለየ መሣሪያ አያስፈልግም። የባትሪው ኃይል ቢያንስ 11 ቮልት፣ ማርሹ ዜሮ ላይ፣ የነዳጅ ፔዳሉ ያልተረገጠ፣ ሌሎች የኤሌክትሪክ ዕቃዎችም የጠፉ መሆን አለባቸው። በሞተሩ ክፍል ውስጥ ባለው የምርመራ ሳጥን «ቲኢ1» እና «ኢ1» የተባሉት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ይገናኛሉ፤ ከዚያም ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ይከፈታል። የ«ቼክ ኢንጅን» መብራት በእኩል ፍጥነት ያለማቋረጥ ብልጭ ድርግም ካለ የተመዘገበ ብልሽት የለም። ሁለት ጊዜ በርቶ፣ 1.5 ሰከንድ ያህል ቆይቶ፣ ዳግም ሁለት ጊዜ ቢበራ ኮዱ 22 ነው። ኮዶቹ ከአንድ በላይ ሲሆኑ በመካከላቸው 2.5 ሰከንድ ያህል ዕረፍት እየተደረገ ከትንሹ ቁጥር ወደ ትልቁ ይነበባሉ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ሥርዓት በአሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ግዴታ የሆነው ባለ16 እግር መሰኪያ ነው። በዚህ ሥርዓት «ፒ0115» የሚለው ኮድ ሲተነተን፣ «ፒ» የሞተርና የኃይል ማስተላለፊያ ክፍልን፣ «0» ለአምራቾች ሁሉ የጋራ የሆነን ኮድ፣ ቀጣዩ «1» የነዳጅና የአየር ቁጥጥርን ያመለክታል፤ ሙሉው ኮድ የሞተር ማቀዝቀዣ ውሃ ሙቀት ጠቋሚ ሰርኪዩት ማለት ነው። ይሁን እንጂ መሰኪያው ባለ16 እግር ስለሆነ ብቻ ማንኛውም የንባብ መሣሪያ ከመኪናው ጋር ይግባባል ማለት አይደለም። መሣሪያው ካልሠራ፣ በበርካታ የቶዮታ ሞዴሎች 4ኛውንና 13ኛውን እግር በማገናኘት ብልጭታ ማንበብ ይቻላል። 16ኛው እግር በቀጥታ የባትሪ ኃይል ያለበት ስለሆነ ቁጥሩን ማሳሳት ጉዳት ያስከትላል።

ዋናው ጉዳይ ትርጓሜው ነው። ኮድ የሚጠቁመው ሰርኪዩትን እንጂ የተበላሸን ዕቃ አይደለም። ኮድ 22 የውሃ ሙቀት ጠቋሚውን ሰርኪዩት ያመለክታል፤ ጥፋቱ ግን በጠቋሚው፣ በሽቦው፣ በማገናኛው ወይም በኮምፒውተሩ ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩ ምልክቱን ሲያጣ ውሃው 80 ዲግሪ ሴልሲየስ እንደሆነ ቆጥሮ ሥራውን ይቀጥላል። በዚህም ምክንያት መኪናው በብርዳማ ማለዳ ለመነሳት እያስቸገረ ከሞቀ በኋላ ግን ደኅና ሊመስል ይችላል። ጥፋቱን ለመለየት ማገናኛው ተነቅሎ የጠቋሚው ሬዚስታንስ በመልቲሜትር ይለካል፦ በ20 ዲግሪ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ከ200 እስከ 400 ኦም መሆን ይገባዋል። ልኩ ትክክል ከሆነ ጠቋሚው ደኅና ነው፤ ፍተሻውም ወደ ሽቦው ይዞራል። እርጥበት በበዛበት አገር በማገናኛው ላይ የተፈጠረ አረንጓዴ ዝገት ቀድሞ ሊመረመር የሚገባው ነገር ነው።

ኮድ አለመኖሩም የጤንነት ማረጋገጫ አይሆንም። የተደፈነ የአየር ማጣሪያ፣ የደከመ ኮምፕሬሽንና ከውሃ የተቀላቀለ ነዳጅ በእነዚህ አሮጌ ሥርዓቶች ያለ ኮድ ሊያልፉ ይችላሉ። ከፍታም መታሰብ አለበት። ቦንጋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ተርቦና የከፍታ ማስተካከያ የሌለው ሜካኒካል ፖምፕ ለዚህ ስስ አየር የበዛ ነዳጅ ስለሚረጭ ጥቁር ጭስ ይታያል፤ ይህን አይቶ ኢንጄክተር መቀየር ችግሩን ላይፈታው ይችላል።

ባትሪ መንቀል የተመዘገበውን ኮድ ስለሚያጠፋ፣ ከማንኛውም ጥገና በፊት ኮዱ ተነብቦ በጽሑፍ መያዝ ይኖርበታል። ከጥገናው በኋላ የነዳጅ መቆጣጠሪያው ፊውዝ ቢያንስ ለ10 ሰከንድ ተነቅሎ ኮዱ ይጠፋል፤ መኪናው ተነድቶም ዳግም ይነበባል። ኮዱ ከተመለሰ ጥፋቱ አልተወገደም። ካልተመለሰ ግን መኪናው ማለዳ ሳይሞቅ መነሳቱንና በዳገት በጭነት መሥራቱን ማረጋገጥ ይቀራል። ኮድ ምርመራው ከየት እንደሚጀምር ያሳያል፤ ዕቃ እንዲገዛ የሚወስነው ግን ልኬቱ ሊሆን ይገባል።