ነገርን ከሥሩ፤ የደጃችንን ታሪክ እንዴት እንደ መረመርን

በታሪክ ትምህርት ደጋግመን ከምንሰማቸው ቃላት አንዱ «ቅኝ ግዛት» የሚለው ነው። ክፍላችን በዘንድሮው ዓመት ስለ አሜሪካ ሲማር፥ እንግሊዞች እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1607 ጄምስታውን ላይ እንደ ሰፈሩ፥ ከዚያም የተቋቋሙት ዐሥራ ሦስት ግዛቶች በ1776 ነጻነታቸውን እንዳወጁ ተረዳን። መምህራችንም ትምህርቱን ከፈጸሙ በኋላ «እናንተ በምትኖሩበት አገርስ ባዕድ መጥቶ ሊሰፍር ሞክሮ ያውቃልን? መርምራችሁ በወላጆች ፊት አስረዱ» ሲሉ አዘዙን። ትምህርት ቤታችን ከየአቅጣጫው ልጆች የሚመጡበት ስለ ሆነ፥ አንዱ ቡድን ከሰበታ፥ ሁለተኛው ከቡራዩ፥ ሦስተኛው ከሱሉልታ ልጆች ተመሠረተ። እኔ የሦስተኛው ጸሐፊ ነበርሁ።

እነዚህ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። ከዚያ በፊት ግን ለብዙ ዘመን የአዲስ አበባ በሮች ሆነው ኖረዋል። ሰበታ በጅማ መንገድ፥ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፥ ሱሉልታም ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ። እህል የጫነም ሆነ ጠመንጃ ያነገተ ወደ መዲናዪቱ ሲመጣ በእነዚህ በሮች ያልፋል። ስለዚህ የጠላት ወረራ ታሪክ ከደጃችን ራቅ ብሎ የሚገኝ አይደለም።

የቡራዩ ጓደኞቻችን በአምቦ መንገድ ወደ ፊት ሄደው ስለ ሆለታ አጠኑ። ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ፥ ከወታደሩ ሌላ ገበሬም ለማምጣት አስቦ ነበር። የኢጣልያ የቀድሞ ወታደሮች ድርጅትም በሆለታና በቢሾፍቱ የእርሻ ሰፈራ ጀመረ። የሌላውን መሬት ይዞ የራስን ሰው መትከል ስለ ሆነ ሐሳቡ ከአሜሪካው ጋር ይመሳሰላል። ፍጻሜው ግን ለየቅል ነው። በአሜሪካ ሰፋሪዎቹ በዝተው ነባሩን ሕዝብ ከመሬቱ ገፉት፤ ነጻነት ያወጁትም እነርሱው ናቸው። በእኛ አገር አርበኛው ገጠሩን ስላላስረከበ፥ የመጣው ሰፋሪ ከታሰበው እጅግ ጥቂት ሆኖ ቀረ። በ1933 ዓ.ም. ነጻነቱን ያስመለሰውም የአገሩ ባለቤት፥ ከእንግሊዝ ጦር ርዳታ ጋር ነው።

የሰበታና የሱሉልታ ቡድኖች ሥራ አንድ ቦታ ላይ ተገናኘ። ይኸውም ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ያደረጉት ውጊያ ነው። ደጃዝማች አበራ ካሣ ከሰላሌ ተነሥተው በሰሜን በኩል መጡ። ፍቅረ ማርያም በምሥራቅ፥ ከአርባ ዓመት በፊት ዐድዋ ላይ የተዋጉት ደጃዝማች ባልቻ ሳፎም በደቡብ ምዕራብ በኩል ነበሩ። ክረምት የተመረጠው ዝናቡ የጠላትን መንገድ ስለሚዘጋ ነው። ነገር ግን ያው ዝናብ ወንዙን ሞላ፤ በየበሩ ያሉት አርበኞችም የሚላላኩበት ሬዲዮ ስላልነበራቸው በአንድ ሰዓት ሊመቱ አልቻሉም። በማግሥቱ፥ ሐምሌ 22 ቀን፥ አቡነ ጴጥሮስ በጥይት ተገደሉ።

የእኛ ቡድን በጎጃም መንገድ ወደ ሰሜን ቀጥሎ የደብረ ሊባኖስን እልቂትም መረመረ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ፥ ግራዚያኒ ገዳሙን ተባባሪ ነው ብሎ ስለ ወነጀለ፥ በግንቦት ወር መነኮሳቱ ተረሸኑ። እዚህ ላይ አንድ ችግር ገጠመን። የግራዚያኒ ሪፖርት የሟቾችን ቍጥር 449 ይላል። ኢያን ካምፕቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ግን የአገሩን ሽማግሎች ጠይቀውና ከሰነዱ ጋር አመሳክረው፥ ከ1,400 እስከ 2,000 ይደርሳል ብለዋል። ታዲያ ማንን እንመን? ቍጥር በጽሕፈት ስለ ሰፈረ ብቻ እውነት እንደማይሆን የተረዳነው ከዚህ ነው። ማን ጻፈው? ለማን ጻፈው? ማንንስ ሳይቈጥር ቀረ? ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።

ሽማግሎችን ስንጠይቅም ሦስት ነገር ጠበቅን። አንደኛ፥ «በዓይንዎ አይተው ነው ወይስ ከአባትዎ ሰምተው?» ብለን ለይተን ጻፍን፤ ዘመኑ ስለ ራቀ አብዛኛው የሰማ ነው። ሁለተኛ፥ አንዱን ነገር ተማክረው ከማያውቁ ሁለት ሰዎች ሳንሰማ «ሆነ» አላልንም። ሦስተኛ፥ ኦሮምኛ የሚናገሩትን በኦሮምኛ ጠየቅን፤ ሰው አባቱ የነገረውን አባቱ በነገረው ቋንቋ ሲያወጋ ብዙ ያስታውሳልና።

ከሁሉ የከበደን ግን ሌላ ነበር። አንድ አዛውንት፥ በዚያን ጊዜ ለጠላት መንገድ መርቶ የቤት መቃጠልን ያመጣ የሰፈር ሰው እንደ ነበረ ስሙን ጠርተው ነገሩን። የልጅ ልጁ ከእኛው ጋር ይማራል። ግማሾቻችን «ታሪክ አይሸፈንም» አልን፤ ግማሾቹ «የአያት ዕዳ ለልጅ ልጅ አይተርፍም» አሉ። ሁለት ቀን ከተከራከርን በኋላ የራሳችንን ሕግ አስታወስን። ነገሩ የተሰማው ከአንድ አፍ ብቻ ነበር። ስለዚህ ባንዳ የሆኑ የአገር ሰዎች እንደ ነበሩ ሳንሸሽግ ተናገርን፤ ስሙን ግን ተውነው፤ የተውንበትንም ምክንያት ለተሰብሳቢው ገለጽን። አንድ አባት ተነሥተው «ደብቃችኋል» ሲሉ ወቀሱን፤ ሌላዋ እናት ደግሞ «ደግ አድርጋችኋል» አሉ። ክርክሩ እስከ ዛሬ በየቤቱ እንዳለ እንሰማለን።

የተወደዳችሁ አንባብያን፥ «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ይባላል። የዚያ ዘመን ሥር በየቤታችን እየደረቀ ነው። ስለዚህ በመጪው ዕረፍት እያንዳንዳችሁ ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ከአያቶቻችሁ እግር ሥር ተቀመጡ፤ የተናገሩበትን ቀን፥ ስማቸውንና ማን እንደ ነገራቸው ጻፉ። ወላጆችም ልጆቻችሁ ሲጠይቁ «ያለፈ ነገር ነው» ብላችሁ አትመልሷቸው።