የመኪና ቸርኬ ማጽጃ

የመኪና ቸርኬ ማጽጃ ከቸርኬ ላይ የፍሬን ብናኝን፣ ጭቃን፣ ሬንጅንና ቅባትን ለማስለቀቅ የሚያገለግል ፈሳሽ ወይም ጄል ነው። ቸርኬ ጎማው የሚገጠምበት የብረት ወይም የአሉሚኒየም ክብ ክፍል ሲሆን፣ ቃሉ ወደ አማርኛ የገባው ከጣልያንኛ ነው። የመኪና ማጠቢያ ቦታ መጠሪያ የሆነው «ላቫጆ»ም ከዚያው ቋንቋ የመጣ ነው። ማጽጃዎቹ በኬሚካላዊ ጠባያቸው አሲዳማ፣ አልካላይን (ቤዝ) እና ወደ ገለልተኛ የሚጠጉ ተብለው ይከፈላሉ። ለአንዱ ቸርኬ የሚስማማው ማጽጃ ሌላውን ሊያበላሽ ይችላል። ከአሲዳማዎቹ አንዳንዶቹ ደግሞ በሚያጥበው ሰው ላይ ከባድ ጉዳት፣ አልፎም ሞት ሊያስከትሉ ይችላሉ።

የቆሻሻው ምንነት

በመኪና አካል ላይ የሚያርፍ ተራ አቧራ በውኃና በሳሙና ይለቃል። በቸርኬ ላይ የሚታየው ጥቁር ብናኝ ግን የተለየ ነው። በዲስክ ፍሬን ሾፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር የፍሬን ሸራው ከብረት ዲስኩ ጋር ስለሚፋተግ ከሁለቱም ጥቃቅን ቅንጣቶች ይረግፋሉ። ቅንጣቶቹ ብረት፣ ካርቦን፣ የሸራው ማጣበቂያ ሙጫ፣ እንደ ሸራው ዓይነትም መዳብና ሌሎች ብረታ ብረቶች አሉባቸው። ሲወጡ ትኩስ ስለሆኑ በቸርኬው ቀለም ላይ ይጣበቃሉ፤ እርጥበት ሲያገኙ ደግሞ ይዝጋሉ። ብርማ ቀለም ባለው የአሉሚኒየም ቸርኬ ላይ የሚታዩ ብርቱካናማ ነጠብጣቦች አብዛኛውን ጊዜ የእነዚህ የብረት ቅንጣቶች ዝገት ናቸው እንጂ የቸርኬው አይደሉም። አሉሚኒየም ሲበላ የሚያወጣው ነጭ ወይም ግራጫ ዱቄት ነው።

የፊት ቸርኬዎች ከኋላዎቹ ቀድመው የሚጠቁሩት፣ መኪና ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚጫንና አብዛኛውን የማቆም ሥራ የፊት ፍሬኖች ስለሚሠሩ ነው። የኋላ ፍሬናቸው ታምቡር በሆነ መኪኖች ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል፤ ብናኙ በታምቡሩ ውስጥ ታፍኖ ይቀራልና። በቀድሞ ዘመን የፍሬን ሸራዎች ውስጥ ለሳንባ አደገኛ የሆነው አስቤስቶስ ይገባ ስለነበር፣ የአሮጌ መኪና ታምቡር ተከፍቶ ሲጸዳ ብናኙን በኮምፕሬሰር አየር መንፋት አይገባም። አርጥቦ መጥረግ ይሻላል።

የቸርኬው ገጽ

ማጽጃ ከመግዛት በፊት መታወቅ ያለበት ቸርኬው ከምን እንደተሠራ ብቻ ሳይሆን በምን እንደተሸፈነም ጭምር ነው፤ ማጽጃው በቀጥታ የሚነካው ሽፋኑን ነውና። አብዛኞቹ የዘመናችን የአሉሚኒየም ቅይጥ ቸርኬዎች ቀለም ተቀብተው በላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ መከላከያ ቫርኒሽ ይደረግባቸዋል። ቫርኒሹ ደህና እስከሆነ ድረስ ቸርኬው ብዙ ነገር ይችላል። ድንጋይ መትቶት ወይም ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ጋር ተፋትጎ ከተላጠ ግን ጠንካራ ማጽጃ በስንጥቁ ገብቶ ከሥር ያለውን አሉሚኒየም ይበላል፤ ቫርኒሹም ከዳር እየተነሣ ይሄዳል።

ያልተሸፈነ፣ ተወልውሎ ብቻ የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ከሁሉም ይበልጥ ይጎዳል። አሉሚኒየም ከአየር ጋር ሲገናኝ በላዩ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይሠራል፤ ብረቱን ከመበላት የሚጠብቀውም ይህ ሽፋን ነው። ሽፋኑ በገለልተኛ አካባቢ የረጋ ነው። በጠንካራ አሲድም ሆነ በጠንካራ ቤዝ ውስጥ ግን ይሟሟል። በኬሚስትሪ ክፍል «አምፎተሪክ» የሚባለው ጠባይ በላቫጆ ውስጥ የሚታየው እንዲህ ነው፦ የሚያብረቀርቀው ቸርኬ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ደብዛዛ ግራጫ ይለወጣል፣ መልሶ ለማብራትም በእጅ ወይም በማሽን መወልወል ያስፈልጋል።

ሁለቱን ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። በማይታይ የቸርኬው ክፍል ላይ ጥቂት የብረት መወልወያ ቅባት በነጭ ጨርቅ ይታሻል። ጨርቁ ከጠቆረ ብረቱ ያልተሸፈነ ነው፤ ካልጠቆረ በላዩ ቫርኒሽ አለ። ቸርኬው አስቀድሞ በደንብ ካልታጠበ ግን የፍሬን ብናኙ ራሱ ጨርቁን አጥቁሮ ያሳስታል።

ክሮም የተነከረ ቸርኬ ጠንካራ ቢመስልም ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ክሮሙን ያጠፋዋል። የተቀባ የብረት ቸርኬ በአንጻሩ ታጋሽ ነው፤ ችግሩ ቀለሙ በተላጠበት ቦታ ዝገት መጀመሩ ነው። ማት ቀለም የተቀቡት በሚያወለውል ወይም ሰም ባለበት ምርት ከተጸዱ ከፊል ያብረቀርቁና ይዥጎረጎራሉ። አይቶ መለየት ካልተቻለ፣ ቸርኬው እንዳልተሸፈነ ቆጥሮ በገለልተኛ ማጽጃ መጀመር ነው።

የማጽጃ ዓይነቶች

የማጽጃዎች ጥንካሬ ሲነገር ብዙ ጊዜ ፒኤች ይጠቀሳል። መለኪያው በተለምዶ ከ0 እስከ 14 ሲሆን 7 ገለልተኛ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር የ10 እጥፍ ልዩነት ስላለው ፒኤች 4 የሆነ ፈሳሽ ፒኤች 7 ከሆነው በ1,000 እጥፍ ይበልጥ አሲዳማ ነው። ሆኖም ፒኤች ብቻውን አደጋን አይለካም።

ወደ ገለልተኛ የሚጠጉት ማጽጃዎች በአብዛኛው የመኪና ሻምፑ ዓይነት ሳሙናዎች ናቸው። ቸርኬው በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ የሚታጠብ ከሆነ ከዚህ ያለፈ ነገር ላያስፈልግ ይችላል።

ከዚሁ ወገን የሚመደቡ ነገር ግን የተለየ ሥራ የሚሠሩ «ብረት አስለቃቂ» ምርቶች አሉ። በውስጣቸው አሞኒየም ቲዮግላይኮሌት ወይም የሶዲየም አቻው ይገኛል። ይህ ውህድ ከብረት ቅንጣቶች ጋር ተጣምሮ በውኃ የሚሟሟ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ነገር ስለሚሠራ፣ የተረጨበት ቸርኬ የደማ ይመስላል። ሽታው ይከረፍፋል። የዚሁ ቤተሰብ ውህዶች ጸጉር ለመጠቅለልና በክሬም መልክ ጸጉር ለማስወገድም ያገለግላሉ። ስለዚህ «ገለልተኛ» ተብሎ ቢጻፍበትም ቆዳ ላይ የሚተው ፈሳሽ አይደለም፤ አንዳንድ ሰው ላይ አለርጂ ያስነሣል። ቀለሙ መለወጡን ካቆመ ደጋግሞ መርጨት ትርፉ ገንዘብ ማባከን ነው።

አልካላይን ማጽጃዎች ቅባት፣ የመንገድ ላይ ዘይትና የተጋገረ ጭቃ በማስለቀቅ ጎበዞች ናቸው። ቀለል ያሉት ለተቀባ ቸርኬ ይሆናሉ። ኮስቲክ ሶዳ (ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ) ያለባቸው ግን ያልተሸፈነ አሉሚኒየምን ይበላሉ፣ ዓይን ውስጥ ከገቡም ለዕውርነት ሊዳርጉ ይችላሉ። ሬንጅን አልካሊም አሲድም እምብዛም አይነኩትም፤ ለእርሱ የተለየ ሬንጅ አስለቃቂ ያስፈልጋል።

አሲዳማዎቹ ለወራት ሳይታጠብ የቆየ ቸርኬን በአንድ ርጭት ሊያነጡ ይችላሉ። ብዙ መኪና በአጭር ጊዜ ማጠብ ለሚፈልግ ሥራ ይህ ይማርካል። ፎስፎሪክና ኦክሳሊክ አሲድ ያለባቸው ይገኛሉ፤ ከሁሉም የሚያሰጋው ግን ቀጥሎ ያለው ነው።

ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ

አንዳንድ የቸርኬና የከባድ መኪና ማጽጃዎች ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ወይም አሞኒየም ባይፍሎራይድ ይይዛሉ። ሁለተኛው በራሱ ጨው ቢሆንም በውኃ ሲበጠበጥ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ይሰጣል። በመማሪያ መጻሕፍት ይህ አሲድ «ደካማ» ተብሎ ይመደባል፤ ቃሉ ግን አንባቢን ያሳስታል። ደካማ የተባለው በውኃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ወደ አየኖች ስለማይለያይ ነው። አደጋው የሚመጣውም ከዚሁ ነው፦ ያልተለያየው ሞለኪውል ቆዳን አልፎ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ እዚያም የሚለቀው ፍሎራይድ ከሰውነት ካልሲየምና ማግኒዚየም ጋር ይጣበቃል። ሕብረ ሕዋስ ይሞታል፣ አጥንት ሊጎዳ ይችላል፣ በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ሲወርድም የልብ ምት ይዛባል።

ቀጥኖ በተበጠበጠ ፈሳሽ ሲነኩ ወዲያው ላያቃጥል መቻሉ ነገሩን ያከፋዋል። ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴ እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ይጀምራል። ጠዋት ባዶ እጁን ያጠበ ሠራተኛ ማታ ጣቶቹን ሲያመው ምክንያቱን ከሥራው ጋር ላያያይዘው ይችላል።

በአሜሪካ የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት መዛግብት እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2013 ባለው ጊዜ መኪናና ከባድ መኪና በማጠብ ሥራ ላይ በዚህ አሲድ የተቃጠሉ 48 ሠራተኞች ተገኝተዋል። 7ቱ ሆስፒታል ተኝተዋል፣ 2ቱ ቀዶ ሕክምና አስፈልጓቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ አንድ የከባድ መኪና አጣቢ ይህን አሲድ የያዘ ማጽጃ ወደ ሆዱ ገብቶ ሞቷል።

አሲዱ የነካው ሰው ልብሱን አውልቆ ቦታውን ወዲያውኑ በሚወርድ ውኃ በደንብ ማጠብ አለበት። ቀጥሎ 2.5 በመቶ ካልሲየም ግሉኮኔት ያለው ጄል ይታሻል፤ ፍሎራይዱ የሰውነትን ካልሲየም ትቶ ከጄሉ ካልሲየም ጋር እንዲጣበቅ ነው። የሚያሸው ሰውም ጓንት ያድርግ። ሕመም ባይኖርም ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፣ ጠርሙሱ ወይም የጽሑፉ ፎቶ አብሮ ቢሄድ ሐኪሙ ጊዜ አያባክንም። የተዋጠ ከሆነ ለማስመለስ መሞከር ክልክል ነው። ለተራ መኪና ተጠቃሚ ይህን አሲድ የያዘ ማጽጃ የሚያስመርጥ በቂ ምክንያት የለም።

ጽሑፉን ማንበብ

በጠርሙሱ ላይ ቀይ ጠርዝ ባለው አልማዝ ቅርጽ ውስጥ እጅና ብረት የሚበላ ፈሳሽ ከተሳለ ምርቱ ቆዳን ያቃጥላል ማለት ነው። የራስ ቅልና አጥንት ካለ መርዛማነቱ ከፍተኛ ነው። ከፋብሪካ የሚወጣ ምርት 16 ክፍሎች ያሉት የደኅንነት መረጃ ሰነድ ይኖረዋል፤ ክፍል 4 የመጀመሪያ እርዳታን፣ ክፍል 8 የሚለበሰውን መከላከያ፣ ክፍል 9 ፒኤችን ይዘረዝራል። ከበርሜል በውኃ ፕላስቲክ እየተቀዳ ያለ ጽሑፍ የሚሸጥ ማጽጃ ይህ ሁሉ የለውም። ውኃ መስሎት የሚጠጣው ልጅ ሊኖር ስለሚችልም በመጠጥ ዕቃ ማስቀመጥ አይገባም።

አጠቃቀም

ቸርኬው መቀዝቀዝ አለበት። በትኩስ ቸርኬ ላይ ማጽጃው ቶሎ ይደርቅና ምልክት ይተዋል፤ በጋለ የፍሬን ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መርጨትም ዲስኩን ሊያጣምመው ይችላል። ጓንት (የናይትራይል ቢሆን ይመረጣል) እና የዓይን መነጽር ያስፈልጋሉ። ሥራው በጥላና አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ ነፋስን ከኋላ አድርጎ ይሠራል።

በመጀመሪያ ልቅ ጭቃው በውኃ ይወርዳል። ከዚያ አንድ ቸርኬ ብቻ ተረጭቶ፣ ጽሑፉ ያዘዘውን ያህል ደቂቃ ተቆይቶ፣ ሳይደርቅ በለስላሳ ብሩሽ ይታሻል፤ ቡሎኖቹ አካባቢና የውስጠኛው ጎን እንዳይረሳ። አራቱንም በአንድ ጊዜ መርጨት ሥራ ያፋጠነ ይመስላል፣ አራተኛው ላይ ሲደረስ ግን ማጽጃው ደርቆ ይገኛል። በብዙ ውኃ ከታጠበ በኋላ በጨርቅ ይደርቃል። የቸርኬው ባልዲና ጨርቅ ለመኪናው አካል መዋል የለባቸውም፤ በውስጣቸው የቀረው የብረት ብናኝ ቀለሙን ይጭራል።

ከታጠበ በኋላ ፍሬኑ እርጥብ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ደካማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በዝግታ እየነዱ ፍሬኑን ጥቂት ጊዜ ለስለስ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል። በማግሥቱ ዲስኩ ላይ የሚታየው ስስ ቀይ ዝገት ጥቂት ፍሬን ሲያዝ የሚጠፋ ነው። ጎማ ማስዋቢያ ቅባት በጎማው መንገድ የሚነካ ገጽና በዲስኩ ላይ ከተቀባ መኪናው ያንሸራትታል ወይም አይቆምም። ጎማውን በናፍጣ ማስዋብ ለጊዜው ያጠቁረዋል፣ ግን ናፍጣ ላስቲክን ያብጣል ያለሰልሳልም።

በቤት ያሉ ነገሮች

ኮካ ኮላ ፎስፎሪክ አሲድ ስላለው፣ ሎሚና ኮምጣጤም አሲድ ስለሆኑ ቀላል ዝገት ሊያስለቅቁ ይችላሉ። ያልተሸፈነ አሉሚኒየም ላይ ግን እነርሱም ደብዛዛ ምልክት ይተዋሉ። የአሉሚኒየም ድስት በአመድ ፈግፍጎ ማንጻት የቆየ የቤት ብልሃት ነው፦ አመድ አልካላይን ከመሆኑም በላይ እንደ አሸዋ ይፍቃል። ለድስት የሚሠራው ግን የቸርኬን ቫርኒሽ ይጭረዋል፤ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦም እንዲሁ። በረኪና አሉሚኒየምን ይበላል፣ ከአሲዳማ ማጽጃ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። አሞኒያ ካለበት ጋርም ሌላ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በብዙ ውኃ ቀጥኖ አልፎ አልፎ ቢውል ቸርኬውን አይጎዳውም።

ፍሳሹ

ከቸርኬ የሚወርደው ውኃ ማጽጃውን ብቻ ሳይሆን የፍሬኑን ብረታ ብረትም ይዞ ይሄዳል። ከእነዚህ መዳብ ለዓሣና ለሌሎች የውኃ ፍጥረታት መርዛማ ነው። በዚህ ምክንያት ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው ሕግ በአዳዲስ የፍሬን ሸራዎች ያለው መዳብ ከ2021 ጀምሮ ከ5 በመቶ፣ ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ከ0.5 በመቶ እንዳይበልጥ ወስናለች። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ያጸደቀው ዩሮ 7 ደንብም ከጭስ ማውጫ ውጭ ላለው የፍሬን ብናኝ ገደብ አስቀምጧል። የኤሌክትሪክ መኪኖች ፍጥነታቸውን በከፊል በሞተሩ ስለሚቀንሱ ሸራቸው ቀስ ብሎ ያልቃል፤ ቸርኬያቸውም ዘግይቶ ይጠቁራል።