በቤት የተበየደ የሙቀት መለኪያ መቼ ይታመናል?

የሳዑዲ ዓረቢያ ምሥራቃዊ ግዛት ከሙቀት ልኬት ጋር ያለው ትውውቅ ከነዳጅ ታሪኩ የሚነሳ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 1938 የዳማም ቁጥር 7 ጉድጓድ ለገበያ የሚበቃ ነዳጅ ከሰጠ ወዲህ በራስ ታኑራና በጁበይል ግዙፍ ማጣሪያዎችና የኬሚካል ፋብሪካዎች ተገንብተዋል። በእነዚህ ተቋማት የምድጃና የቱቦ ሙቀት ከሚለካባቸው መሣሪያዎች ዋነኛው ቴርሞኮፕል ይባላል።

ይኸው መሣሪያ ለትንሽ ሥራም ያገለግላል። በአል ኹበር አሽ-ሸማሊያ፣ ማለትም በሰሜናዊው አል ኹበር ባለ አንድ የቤት ውስጥ ወርክሾፕም ሆነ በአዲስ አበባ ባለ ጋራዥ፣ የሸክላ መተኮሻ፣ የቡና መቁያ ወይም የኤሌክትሪክ ምጣድ ሙቀት ሊለካበት ይችላል። ሽቦው በሜትር ተገዝቶ ጫፉ በቤት ሊበየድ ስለሚችል ወጪው አነስተኛ ነው። ጥያቄው ግን ሽቦዎቹ መያያዛቸው ሳይሆን የሚሰጡት ቁጥር እውነተኛ መሆኑ ነው።

ቴርሞኮፕል በዓይነታቸው የተለያዩ ሁለት የብረታ ብረት ሽቦዎች በአንድ ጫፍ ተገናኝተው የሚሠሩት መለኪያ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ቶማስ ዜቤክ እ.ኤ.አ. በ1821 ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተገጣጥመው አንደኛው መጋጠሚያ ሲሞቅ በአጠገቡ ያለ የኮምፓስ መርፌ እንደሚነቃነቅ ተመለከተ። መርፌውን ያነቃነቀው በሙቀት ልዩነት የተፈጠረ የኤሌክትሪክ ፍሰት ነበር። ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ኬ የተባለው ዓይነት ከኒኬልና ክሮሚየም ቅይጥ፣ እንዲሁም አሉሚኒየምና ማንጋኒዝ ከተጨመረበት የኒኬል ቅይጥ የተሠራ ነው። አንደኛው ጫፍ በበረዶ ነጥብ፣ ሌላው በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን 4.1 ሚሊቮልት ገደማ ይሰጣል።

ብዙዎች ይህ ቮልቴጅ የሚመነጨው ከብየዳው ነጥብ ይመስላቸዋል። እውነታው ግን ቮልቴጁ የሚመነጨው ሽቦዎቹ ከሞቃቱ ወደ ቀዝቃዛው ስፍራ በሚያልፉበት ርዝመት ላይ ነው። ብየዳው ሁለቱን ሽቦዎች በኤሌክትሪክ ያገናኛል፤ ልኬቱ የሚወሰድበትን ቦታም ይወስናል። በመጋጠሚያው ሦስተኛ ብረት ቢገባ እንኳ ሙሉ መጋጠሚያው እኩል ሙቀት እስካለው ድረስ ልኬቱ አይዛባም። ተራው የቆርቆሮና እርሳስ ማጣበቂያ የማይመከረው በ183 ዲግሪ ገደማ መቅለጥ ስለሚጀምር ነው። የእንጀራ ምጣድ እንኳ ወደ 200 ዲግሪ ይደርሳልና በብየዳ ሁለቱን ሽቦዎች ራሳቸውን አቅልጦ አንድ ማድረግ ይመረጣል።

ሥራው የሚጀምረው ከጽዳት ነው። የሽቦዎቹ ሽፋን ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ተገፍፎ ጫፎቹ በብርጭቆ ወረቀት ይጠረጋሉ፤ ከዚያም በፒንሳ ጎን ለጎን ይያዛሉ። ሽቦዎቹን ብዙ ጊዜ መጠምዘዝ ስህተት ነው። ምክንያቱም የሚለካው ሙቀት ከጫፉ ብየዳ ይልቅ ሽቦዎቹ መጀመሪያ የተነካኩበት ቦታ ሙቀት ይሆናል።

በሙያ ቤቶች ብየዳው በአርጎን ጋዝ ጥላ ሥር ይከናወናል፤ ጋዙ የቀለጠው ብረት ከአየር ጋር እንዳይገናኝ ይከላከላል። በቤት ግን ለቀጭን ሽቦ ካፓሲተር ይበቃል። ለምሳሌ 10,000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በ50 ቮልት ሲሞላ 12.5 ጁል ኃይል ያከማቻል። የካፓሲተሩ አንዱ ጫፍ ከሽቦዎቹ፣ ሌላው ከካርቦን ዘንግ ጋር ይያያዛል፤ ሽቦዎቹ ካርቦኑን ሲነኩ ኃይሉ በቅጽበት ተለቅቆ ጫፋቸውን ያቀልጣል። ጥሩ ብየዳ የሽቦውን ውፍረት ሁለት እጥፍ የሚያህል ክብና ያልተቦረቦረ እንክብል ይተዋል። የጠቆረና ቀዳዳ ያለው ከሆነ ተቆርጦ እንደገና ይሠራል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ጥንቃቄው ከብልጭታው በፊት መቅደም አለበት። የተሞላ ካፓሲተር ከኃይል ምንጩ ከተነቀለ በኋላም ሊያስደነግጥና ሊያቃጥል ስለሚችል በሬዚስተር መራገፍ ይኖርበታል። የቤት መብራት መስመርን በቀጥታ ለብየዳ መጠቀም ለሞት ይዳርጋል። የዓይን መከላከያ መነጽርም ግዴታ ነው። በአል ኹበር በጋ በርና መስኮት ተዘግቶ በማቀዝቀዣ ስለሚኖር፣ የኒኬልና የክሮሚየም ጭስ እንዲሁም አየርን የሚተካው አርጎን በክፍሉ እንዳይታመቅ ማናፈሻ ያስፈልጋል።

ከብየዳው በኋላ የሚያሳስተው የሽቦ ቀለም ነው። በአሜሪካ ደረጃ መሠረት የኬ ዓይነት አዎንታዊ ሽቦ ቢጫ፣ አሉታዊው ቀይ ነው። ቀይ አዎንታዊ እንደሆነ የለመደ ኤሌክትሪሺያን በቀላሉ ያገላብጠዋል። በዓለም አቀፉ ደረጃ ደግሞ አዎንታዊው አረንጓዴ፣ አሉታዊው ነጭ ነው። ቀለሙ ካጠራጠረ ማግኔት ይፈርዳል፤ በማግኔት የሚሳበው አሉታዊው ሽቦ ነው። ሽቦዎቹ ተገላብጠው ከታሰሩ ጫፉ ሲሞቅ ቁጥሩ ይወርዳል።

ይበልጥ አደገኛ የሆነው ስህተት ግን ቁጥሩ በትክክል የሚወጣ እየመሰለ የሚያሳስተው ነው። አንድ ምድጃ ከቤት ውጭ በ45 ዲግሪ ሙቀት፣ ማሳያው ደግሞ በ23 ዲግሪ በቀዘቀዘ ክፍል ውስጥ ነው እንበል። ቴርሞኮፕሉ ምድጃው አጠገብ ካለቀና እስከ ማሳያው ያለው ርቀት በተራ የመዳብ ሽቦ ከተቀጠለ፣ ማሳያው የሌላኛውን ጫፍ ሙቀት 23 ዲግሪ አድርጎ ያሰላል። ጫፉ ያለው ግን በ45 ዲግሪ ነው። ስለዚህ 200 ዲግሪ የሆነው ምድጃ 178 ገደማ ሆኖ ይታያል፤ ሠራተኛውም አልሞቀም ብሎ እሳቱን ይጨምራል። መድኃኒቱ እስከ ማሳያው ድረስ ለዚያው ዓይነት የተሠራ ማራዘሚያ ሽቦ መጠቀም ነው።

የመጨረሻውና ዋናው ተግባር ፍተሻ ነው። ጨው በሌለው ንጹሕ ውኃ የተሠራ በረዶ ተሰባብሮ በጥቂት ውኃ ይቀላቀላል፤ የተበየደው ጫፍ ሲገባበት 0 ዲግሪ ማሳየት አለበት። ቀጥሎ በሚፈላ ውኃ ይፈተሻል። የተለመደው የኬ ዓይነት ሽቦ በራሱ 2.2 ዲግሪ ያህል ልዩነት ሊያሳይ ስለሚችል፣ ከዚያ የሚበልጥ ልዩነት ብየዳውን፣ አያያዙን ወይም ማሳያውን እንደገና ለመመርመር በቂ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ የቦታ ከፍታ ሊዘነጋ አይገባም። አል ኹበር በባሕር ጠረፍ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ገደማ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ነው፤ ውኃም በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በባሕር ዳር ደግሞ ወደ 94 ዲግሪ ይሆናል። በባሕረ ሰላጤው ዳር ሙያውን የቀሰመ ኢትዮጵያዊ ወደ አገሩ ሲመለስ 92 ቢያነብ የተበላሸ ብየዳ መስሎት ትክክለኛውን መለኪያ ሊጥል፣ አለዚያም ማሳያውን ወደ 100 አስተካክሎ ሁልጊዜ የተሳሳተ ቁጥር ሊያነብ ይችላል። የበረዶው ነጥብ ግን በሁለቱም ስፍራ አንድ ነው።

በቤት የተበየደ ቴርሞኮፕል የማይገባበት ቦታም አለ። በአንዳንድ የጋዝ ምድጃዎችና የውኃ ማሞቂያዎች ላይ የተገጠመው ቴርሞኮፕል ነበልባሉ ሲጠፋ የጋዙን መዝጊያ የሚያዘጋ የደኅንነት መሣሪያ ነው። ይህ ሲበላሽ በአምራቹ መለዋወጫ መተካት እንጂ በቤት መበየድ የለበትም። ለቡና መቁያና ለሸክላ መተኮሻ ግን በጥንቃቄ የተበየደ፣ በትክክለኛ ሽቦ የተራዘመና በበረዶና በፈላ ውኃ የተፈተሸ ቴርሞኮፕል አስተማማኝ አገልግሎት ይሰጣል። የብየዳው ማማር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ መለኪያውን የሚያስታምነው ፍተሻው ነው።