ብረት፣ ነጭ ወርቅ ወይስ ፕላቲነም?

በወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በጊፋታ ሰሞን፣ ወላይታ ሶዶ ከአዲስ አበባም ከባሕር ማዶም ዘመድ ይገባባታል። ከሻንጣ ከሚወጡት ስጦታዎች መካከል የእጅ ሰዓት ብዙ ጊዜ አይጠፋም። አብዛኛው ተራ ሰዓት ነው። አልፎ አልፎ ግን ስሙ የታወቀ የስዊዘርላንድ ሰዓት ይገኛል፤ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍና ገንዘብ ሲቸግር ለገበያ ይወጣል። ያኔ ጥያቄው ይነሳል፦ ይህ ነጭ የሚያብረቀርቅ ነገር ምንድን ነው? ብረትን በነጭ ወርቅ ዋጋ መግዛት ከባድ ኪሳራ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ነጭ ወርቁን በብረት ዋጋ አሳልፎ የሚሰጠው ቤተሰብ ነው፤ መጎዳቱን እንኳ ሳያውቅ ይቀራልና።

ወርቅ በእሳት ይፈተናል ይባላል። የተገጣጠመ ሰዓት ግን እሳት ውስጥ አይገባም። ቀለሙም አይረዳም፤ ሦስቱም ተወልውለው ጎን ለጎን ሲቀመጡ የለመደ ዓይን እንኳ ይሳሳታል። የሚታመነው ክብደት ነው።

መጀመሪያ ሦስቱን እንለይ። ጥሩ ሰዓት የሚሠራበት የማይዝግ ብረት በአብዛኛው 316ኤል የሚባለው ነው። ሮሌክስ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 904ኤል የተባለውን፣ ዝገትን ይበልጥ የሚቋቋመውን ዓይነት ወስዷል። ነጭ ወርቅ ደግሞ እውነተኛ ወርቅ ነው። ባለ 18 ካራት ሲሆን ከሺህ እጁ 750ው ወርቅ ነው፤ የቀረው ፓላዲየም ወይም ኒኬል፣ ብርና የመሳሰሉት ናቸው፤ ቢጫውን የሚያደበዝዙት እነሱ ናቸው። ብዙ ጊዜ ላዩ ሮዲየም በሚባል ነጭ ማዕድን ይቀባል። ቅቡ በዓመታት ብዛት ከማሰሪያው ጠርዝና እጅ ከሚነካው ቦታ ሲለቅ ከሥሩ ወደ ቢጫ ያዘነበለ ጥላ ብቅ ይላል። ይህን ጥላ ያየ ሰው “ተበላሽቷል፣ ርካሽ ቅብ ነው” ብሎ እንዳይደመድም፤ እንዲያውም የወርቅነቱ ምልክት ሊሆን ይችላል። ፕላቲነም ከተፈጥሮው ነጭ ስለሆነ ቅብ አይፈልግም። ለሰዓት የሚውለው ከሺህ 950 እጅ ንጹሕ ነው።

አሁን ወደ ክብደቱ። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ብረት 8 ግራም ገደማ ይመዝናል። ያው መጠን ያለው ባለ 18 ካራት ነጭ ወርቅ እንደ ድብልቁ ከ15 እስከ 16 ግራም አካባቢ፣ ፕላቲነሙ ደግሞ 20 ግራምና ከዚያ በላይ ነው። ነጭ ወርቅ የብረት እጥፍ ነው ማለት ነው። እንዲህ የተራራቁ ቁጥሮችን ለመለየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ የግራምን መቶኛ የሚያነብ የወርቅ ቤት ሚዛንና አንድ ብርጭቆ ውሃ ይበቃሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከማሰሪያው የተነቀለ አንድ ቁራጭ ወይም ቀለበት በደረቁ ይመዘናል፤ 10 ግራም መጣ እንበል። ከዚያ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ ተቀምጦ ንባቡ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ዕቃው በቀጭን ክር ተንጠልጥሎ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ የብርጭቆውን ግድግዳም ወለልም መንካት የለበትም፣ የተጣበቀበት የአየር አረፋም ይራገፍ። ሚዛኑ የሚያሳየው ዕቃው የያዘውን ቦታ የሚያህል የውሃ ክብደት ነው። የመጀመሪያውን ቁጥር ለሁለተኛው ማካፈል ነው። ሚዛኑ 1.25 ካነበበ ውጤቱ 8 ነው፤ ብረት። 0.65 ካነበበ 15.4፤ ነጭ ወርቅ። 0.48 ከሆነ 20.8፤ ፕላቲነም። በነጭ ወርቅ ስም የሚሸጥ ብርም እዚሁ ይጋለጣል፤ ቁጥሩ 10 አካባቢ ላይ ይቆማልና።

ይህ ግን ለጠጣር ቁራጭ ብቻ ነው። ሙሉ ሰዓት ውስጡ ሞተር፣ መስታወትና ባዶ ቦታ ስላለው ስሌቱ አይሠራም፤ አሮጌ ሰዓት ውሃ ውስጥ መንከርም እሱን መግደል ነው። ለሙሉ ሰዓት የሚበጀው ከዚያው ሞዴል የብረት ሰዓት ክብደት ጋር ማወዳደር ነው። የሮሌክስ ዴይቶና በፕላቲነም ሲሠራ 280 ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ የብረቱን እጥፍ ገደማ። የለመደ እጅ ይህን ሳይመዝን ያውቀዋል። በወላይታ ወጋቺያ የሚባሉት አንጥረኞች በዘመናት ያካበቱት የእጅ ዕውቀት በዚህ ረገድ ትልቅ ሀብት ነበር። ማኅበረሰቡ ለረጅም ጊዜ በጋብቻ ሲያገላቸው መኖሩ ዕውቀታቸውንም አብሮ አስንቆታል፤ ይህ የሚያሳዝን ነው።

ከሚዛን ቀጥሎ ማኅተም ይታያል። በጀርባ ክዳኑ ውስጥ፣ በማሰሪያው መቆለፊያና ማሰሪያው በሚያያዝባቸው ጆሮዎች ጀርባ 750 ወይም 950 የሚል ቁጥር ይፈለጋል። ስዊዘርላንድ ከ1995 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለከበሩ ማዕድናት የምትመታው የመንግሥት ማኅተም የሴንት በርናርድ ውሻ ራስ ነው። ፓቴክ ፊሊፕ የተባለው የስዊዘርላንድ ሰዓት ሠሪ ደግሞ በፕላቲነም ሰዓቶቹ ላይ 6 ቁጥር በሚውልበት በኩል፣ በጆሮዎቹ መካከል፣ ትንሽ አልማዝ ይተክላል። ማኅተም ሊጭበረበር ይችላል፤ ክብደትን ማጭበርበር ግን እጅግ ይከብዳል።

ሞዴሉን ማወቅም ብዙ ያድናል። የሮሌክስ ዴይ ዴት በ1956 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ጀምሮ ለገበያ የሚቀርበው በወርቅ ወይም በፕላቲነም ነው። ስለዚህ “የብረት ዴይ ዴት” የሚሸጥልዎ ሰው ወይ አላወቀም ወይ እያታለለ ነው። ዴትጀስት በሚባለው የሮሌክስ የብረት ሰዓት ላይ ግን በመስታወቱ ዙሪያ የተሸነተረ ቀለበት ካለ፣ ቀለበቱ ብቻ ነጭ ወርቅ ይሆናል፤ አንድ ሰዓት ላይ ሁለቱ ተገናኙ ማለት ነው። ሰማያዊና ቀይ ቀለበት ያለው ጂኤምቲ ማስተር 2 በ2014 እ.ኤ.አ. በነጭ ወርቅ ወጥቶ፣ በ2018 ብረቱ ተከተለው። ሮሌክስ ራሱ ሁለቱ እንዳይምታቱ በዚያው ዓመት የነጭ ወርቁን ገጽ ሰማያዊ አደረገው።

ሁለት የተለመዱ ዘዴዎች ግን አይመኑ። አንዱ ማግኔት ነው። 316ኤልም 904ኤልም ማግኔት አይስባቸውም፤ ስለዚህ “ማግኔት አልያዘውም፣ ወርቅ ነው” የሚለው ክርክር ዋጋ የለውም። ሌላው ናይትሪክ አሲድ ነው። የማይዝግ ብረት ይህን አሲድ እንደ ወርቅ ይቋቋማል፤ ምንም ሳያስረዳዎ ሰዓቱን ሊያበላሽ የሚችል ፈተና ነው።

ፕላቲነም ለእኛ የሩቅ ነገር አይደለም። በምዕራብ ወለጋ ዩብዶ፣ በቢርቢር ወንዝ አካባቢ፣ ከ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአፈር እየታጠበ ወጥቷል። አካባቢው ላይ የተገኘውን ዓለት በ1927 እ.ኤ.አ. ከወንዙ ስም ወስደው “ቢርቢራይት” ያሉት የጄኔቫው ፕሮፌሰር ሉዊ ዱፓርክና ባልደረቦቹ ናቸው፤ የሰዓቶቹ ከተማ ሰዎች።

እጅዎ ላይ ያለውን ሰዓት ለመሸጥ ካሰቡ የመጀመሪያውን ዋጋ አይቀበሉ። የታመነ ሰዓት ሠሪ የጀርባ ክዳኑን ይክፈትልዎ፣ ማሰሪያው ላይ ተነቃይ ቁራጭ ካለ ወርቅ ቤት ወስደው በውሃ ያስመዝኑት፣ ቁጥሩንም በወረቀት ይያዙ። ቁጥሩ ከ15 በላይ ከሆነ፣ እንደ ብረት ሊገዛዎ ከሚፈልግ ሰው ጋር የሚያነጋግርዎ ነገር የለም።