በትእዛዝ የተሠራ የዲጂታል ጥበብ ሥራ ባለቤትነት፦ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ነጥቦች

በኮምፒዩተር የሚዘጋጁ ተንቀሳቃሽ ሥዕላዊ ሥራዎች (ሞሽን ግራፊክስ)፣ ተመልካቹ ሲነካቸው መልካቸውን የሚለዋውጡ የዲጂታል ጥበብ ሙከራዎች እና በይነተገናኝ ድረ-ገጾች የበርካታ ባለሙያዎች መተዳደሪያ ሆነዋል። እንዲህ ያሉ ሥራዎች ብዙ ጊዜ የሚታዘዙት በስልክ ንግግር ወይም በአጭር መልእክት ልውውጥ ነው። በዚህም ምክንያት ክፍያው ከተፈጸመ በኋላ ባለሙያውም ደንበኛውም የሥራው ባለቤት እኔ ነኝ ብለው የሚያምኑበት ሁኔታ ይፈጠራል። ይህ ማብራሪያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጉዳዩን እንዴት እንደሚመለከተው ለተገልጋዮች ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

ጥበቃ የሚያገኘው ምንድን ነው?

አዋጁ ሞሽን ግራፊክስን ወይም ድረ-ገጽን ለብቻው ለይቶ አልደነገገም። ይሁን እንጂ እነዚህ ሥራዎች የሚገነቡባቸው ክፍሎች በአዋጁ የተሸፈኑ ናቸው። ሥዕሉና ንድፉ፣ ጽሑፉ፣ ሙዚቃው፣ ፎቶግራፉ፣ ተንቀሳቃሽ ምስሉ እንዲሁም ድረ-ገጹን የሚያንቀሳቅሰው የኮምፒዩተር ፕሮግራም እያንዳንዳቸው ጥበቃ ሊያገኙ ይችላሉ። ስለሆነም አንድ ድረ-ገጽ በውስጡ የተለያዩ ሰዎችን መብቶች ሊይዝ ይችላል።

በአንቀጽ 6 መሠረት ሥራው ጥበቃ የሚያገኘው ወጥ ሲሆን እና ግዙፍነት ሲያገኝ፣ ማለትም በፋይል ወይም በሌላ መንገድ ተቀርጾ ሲቀመጥ ነው። መብቱ የሚገኘው ሥራው እንደተፈጠረ በመሆኑ ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። የሥራው የጥራት ደረጃ ወይም የተሠራበት ዓላማም ጥበቃውን አያስቀርም፤ ለማስታወቂያ የተሠራ የአሥር ሰከንድ ምስልም ይጠበቃል።

በሌላ በኩል ሐሳብ፣ ዘዴና የአሠራር ሥርዓት በቅጂ መብት አይጠበቁም። ለምሳሌ ገጹ ወደ ታች ሲንሸራተት ምስሉ እንዲያድግ ማድረግ ማንም ሊጠቀምበት የሚችል ሐሳብ ነው። ይህን ሐሳብ በሥራ ላይ ያዋለውን የሌላ ሰው ኮድና ሥዕል ያለፈቃድ መገልበጥ ግን የመብት ጥሰት ነው።

በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ባለቤት ማን ነው?

መርሁ የሥራ አመንጪው የሥራው የመጀመሪያ ባለቤት መሆኑ ነው። ሆኖም አንቀጽ 21 ብዙ ባለሙያዎች የማያስተውሉትን ድንጋጌ ይዟል። ሥራው በቅጥር ወይም በአገልግሎት ውል መሠረት በትእዛዝ የተሠራ ከሆነ፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ባለቤቱ አሠሪው ወይም ያዘዘው ሰው ይሆናል። የኦዲዮቪዥዋል ሥራ በሚሆንበት ጊዜም ሌላ ስምምነት እስከሌለ ድረስ ባለቤቱ ፕሮዲዩሰሩ ነው።

ለምሳሌ አንድ ባለሙያ ለአንድ ሆቴል ተንቀሳቃሽ ዓርማና ድረ-ገጽ ሠርቶ ቢያስረክብና ስለ ባለቤትነት ምንም ሳይስማሙ ቢቀሩ፣ የማባዛት፣ የማሻሻልና ለሕዝብ የማሰራጨት የኢኮኖሚ መብቶች የሆቴሉ ይሆናሉ። ባለሙያው ያንኑ ሥዕል ለሌላ ደንበኛ ሊሸጥ አይችልም፤ ሆቴሉ በሌላ ማስታወቂያ ደግሞ ቢጠቀምበትም ተጨማሪ ክፍያ ለመጠየቅ ይቸገራል። ባለሙያው ይህን ውጤት የማይፈልገው ከሆነ ማስቀረት የሚችለው በውል ብቻ ነው።

የኢኮኖሚ መብቱ የደንበኛው ቢሆንም የሞራል መብት የሥራ አመንጪው ሆኖ ይቀጥላል። አመንጪው በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠቀስ የመጠየቅ፣ እንዲሁም ክብሩን ወይም መልካም ስሙን በሚጎዳ መንገድ ሥራው እንዳይዛባ የመቃወም መብት አለው።

በውሉ ውስጥ ሊካተቱ የሚገባቸው ነጥቦች

መብት የሚተላለፍበት ወይም የመጠቀም ፈቃድ የሚሰጥበት ስምምነት በጽሑፍ መሆን ይኖርበታል። ተዋዋዮች ቢያንስ የሚከተሉትን በግልጽ እንዲያሰፍሩ ይመከራል፦

1. የመጨረሻው ሥራ ባለቤት ማን እንደሆነ፤ ደንበኛው የሚያገኘው ባለቤትነት ነው ወይስ የመጠቀም ፈቃድ ብቻ፤
2. ሥራው የሚውልበት ቦታና ጊዜ፣ ለምሳሌ በድረ-ገጽ ብቻ ወይም በቴሌቪዥን ጭምር፤
3. ሊታረሙ የሚችሉ ዋና ፋይሎችና የፕሮግራሙ ኮድ የሚተላለፉ መሆን አለመሆናቸው፤
4. ተቀባይነት ያላገኙ ረቂቆች የማን እንደሆኑ፤
5. ባለሙያው ሥራውን በራሱ የሥራ ማሳያ ውስጥ ሊያቀርብ የሚችል መሆኑ፤
6. በሥራው ውስጥ የገቡ የሌሎች ሰዎች ሙዚቃ፣ ፎቶግራፍና የፊደል ቅርጾች (ፎንት) ፈቃድ በማን ኃላፊነት እንደሚገኝ።

የመጨረሻው ነጥብ ደንበኛውንም በቀጥታ ይመለከታል። ከኢንተርኔት በነፃ ማውረድ መቻሉ ብቻውን ለንግድ የመጠቀም ፈቃድ አይሆንም። ሥራው ለሕዝብ ከቀረበ በኋላ የሙዚቃው ባለመብት ክስ ቢያቀርብ፣ ያሰራጨው ደንበኛም ሊጠየቅ ይችላል።

ማስረጃ ስለመያዝ

ምዝገባ ግዴታ ባይሆንም ክርክር ሲነሳ ሥራውን ማን፣ መቼ እንደሠራው የማስረዳት ጉዳይ ይመጣል። በይነተገናኝ ሥራዎች ደግሞ በቀላሉ ይጠፋሉ። ፍላሽ በተባለው ቴክኖሎጂ የተሠሩ እጅግ ብዙ የድረ-ገጽ ጥበብ ሥራዎች፣ አምራቹ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ድጋፉን ሲያቋርጥ በተለመዱት የኢንተርኔት መቃኛዎች መከፈት አቁመዋል። ስለዚህ ባለሙያዎች ረቂቆችን፣ ቀን ያላቸውን ፋይሎችና ከደንበኛ ጋር የተለዋወጧቸውን መልእክቶች እንዲያስቀምጡ፣ ሥራው በስክሪን ላይ ሲንቀሳቀስና ለተመልካች ሲመልስም በቪዲዮ ቀርጸው እንዲይዙ ይመከራል።

መብቱ የተጣሰበት ሰው ድርጊቱ እንዲቆም የእግድ ትእዛዝና የጉዳት ካሳ በፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል። አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለ በመሆኑ ሁለቱንም በአንድነት ማንበብ ያስፈልጋል። የአዋጆቹ ሙሉ ቃል በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ይገኛል። ስለ ቅጂ መብት ተጨማሪ መረጃ የሚፈልጉ ተገልጋዮች የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን መጠየቅ ይችላሉ። ይህ ማብራሪያ ለጠቅላላ ግንዛቤ የቀረበ ስለሆነ በተለየ ጉዳይ ላይ የሚሰጥ የሕግ ምክርን አይተካም።